ተገጣጣሚ ቤት ስታሠሩ፦ የብረት አጽም ይሻላል ወይስ የእንጨት?

ተገጣጣሚ ቤት ለማሠራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሬ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ዋጋውን ከሰማ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ አጽሙ፣ ማለትም ቤቱን የሚሸከሙት ቋሚና አግዳሚዎች፣ ብረት ይሁን ወይስ እንጨት? እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ነው። አናጺው እንጨትን ያወድሳል። በያጁ «ብረት እያለ እንጨት ምን ያደርግላችኋል» ይላል። አሜሪካ ያለው ዘመድ ደግሞ በቪዲዮ ደውሎ «እዚህ ሁሉም ቤት እንጨት ነው፤ እናንተ ምን ነካችሁ?» ይላል።

ሦስቱም ካሉበት ቦታ ሆነው ሲያዩት ልክ ናቸው። ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ብረትና ስለ አንድ ዓይነት እንጨት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከሚሠሩት አዳዲስ የአንድ ቤተሰብ ቤቶች ከአሥሩ ዘጠኙ የእንጨት አጽም እንዳላቸው እውነት ነው። ያ እንጨት ግን በማድረቂያ ክፍል ደርቆ፣ ጥንካሬው በደረጃ ተለይቶ፣ ማኅተም ተመቶበት የሚሸጥ ነው። አጣና ተራ ሄዳችሁ ከምትገዙት እርጥብ ባሕር ዛፍ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

እዚህ የምጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ፎቅ ቀላል ተገጣጣሚ ለሚያሠራ ሰው ነው። መኖሪያ ቤት፣ ክሊኒክ፣ መማሪያ ክፍል፣ ካፌ፣ የፕሮጀክት ቢሮ ሊሆን ይችላል። በደርግ ዘመን ከዩጎዝላቪያ በመጣ ቴክኖሎጂ መመረት የጀመሩት የኮንክሪት ተገጣጣሚዎች ሌላ ርዕስ ናቸው፤ እነሱን አልነካም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዓለም ላይ ተገጣጣሚ ቤትን ከሁሉም በላይ ያስፋፉት ሁለት አገሮች ስዊድንና ጃፓን ናቸው ቢባል ብዙ አያጣላም። ስዊድን ውስጥ አብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ቤት ከፋብሪካ የሚወጣው በእንጨት አጽም ነው። የጃፓኑ ዳይዋ ሃውስ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ከብረት ቧንቧ በተሠራ ቤት ነው፤ የጃፓን ትልልቅ የተገጣጣሚ ኩባንያዎችም በአመዛኙ ብረት ላይ ቆዩ። ሁለቱም ተሳክቶላቸዋል። ስለዚህ «በሳይንስ የሚሻለው የቱ ነው?» ብሎ መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «እኔ በምሠራበት ቦታ ጥራቱን ላረጋግጠው የምችለው የቱን ነው?» የሚለው ነው።

የትኛው ብረት? የትኛው እንጨት?

በእኛ ገበያ «የብረት ተገጣጣሚ» ሲባል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንዱ ቱቦላሬ ነው፤ አር ኤች ኤስ የሚሉትም አሉ። አራት ማዕዘን ባዶ ብረት ነው። ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ ይቆማል። ሁሉም ሰፈር ውስጥ የሚሠራው በያጅ አለ። ሁለተኛው ከስስ ዚንክ ከተቀባ ላሜራ በማሽን እየታጠፈ የሚወጣው፣ ሲ የሚመስል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ውፍረቱ ከ0.75 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 89 ሚሊሜትር ይሆናል። (89 ከየት መጣ ብትሉ፣ የአሜሪካኖቹ «ሁለት በአራት» የሚባለው እንጨት ተላግቶ ሲያልቅ ትክክለኛ ስፋቱ 89 ሚሊሜትር ነው። ብረቱ የእንጨቱን ቦታ ለመተካት ስለተሠራ ልኩን ከእሱ ወረሰ።) ሦስተኛው ሳንድዊች ፓነል ነው። ሁለት ስስ ቆርቆሮ መሀሉ ፎም ወይም የድንጋይ ሱፍ ያለበት ሆኖ፣ ጥቂት ብረት ይዞት ይቆማል። የመንገድ ሥራ ካምፖች ውስጥ የምታዩዋቸው ነጫጭ ቤቶች እነሱ ናቸው።

እንጨቱም እንደዚያው ነው። ክብ አጣና አለ። የተሰነጠቀ ሞራሌ አለ፤ ከባሕር ዛፍ ወይም ከፈረንጅ ጽድ። አልፎ አልፎ ደግሞ ደርቆና ተላግቶ የተዘጋጀ እንጨት ይገኛል። አገር በቀሉ ጽድ ምስጥም ብስባሴም በቀላሉ የማይደፍረው ምርጥ እንጨት ነበር። የድሮ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ምስክር ናቸው። ዛሬ ግን ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። «የጽድ እንጨት በርካሽ አለ» የሚላችሁ ሰው ካለ ከየት እንደመጣ ጠይቁት።

ስለዚህ ሁለት ፕሮፎርማ ይዛችሁ «ይሄ ብረት፣ ያ እንጨት» ብላችሁ ከማወዳደራችሁ በፊት የትኛው ብረትና የትኛው እንጨት እንደሆነ በጽሑፍ ይነገራችሁ። ከዚያ በፊት የሚደረግ የዋጋ ንጽጽር ትርጉም የለውም።

ተገጣጣሚ ልክ ይፈልጋል

የጭቃ ቤት ይቅር ባይ ነው። ቋሚው ትንሽ ቢጣመም ምርጊቱ ይሸፍነዋል። የብሎኬት ግድግዳ ሁለት ሳንቲም ቢዛነፍ ልስኑ ያስተካክለዋል። ተገጣጣሚ ግን እንዲህ አይደለም። ግድግዳው ወርክሾፕ ውስጥ ተሠርቶ፣ የመስኮቱ ቦታ ተከፍቶ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ተበስቶ በመኪና ይመጣል። ቦታው ላይ ከወለሉ ብሎንና ከጎረቤት ግድግዳው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ያ ሁሉ የፋብሪካ ሥራ ከንቱ ነው፤ በያጁ ግራይንደሩን አንስቶ መቁረጥ ይጀምራል።

ለእኔ የንጽጽሩ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ከወርክሾፕ ሲወጣ የነበረው ልክ ከወር በኋላም ያው መሆን አለበት።

ባሕር ዛፍ በዚህ ፈተና ደካማ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግ ግንዱ ውስጥ ውጥረት አለ። ሲሰነጠቅ ይጠማዘዛል፣ ሲደርቅ ይተረተራል። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ብዙው ውኃ ነው። እየደረቀ ሲሄድ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። 10 ሳንቲም ወርድ ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። በሩ የማይዘጋው፣ የጂብሰም ቦርዱ መጋጠሚያ የሚሰነጠቀው፣ ሚስማሩ ወደ ውጭ ብቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች «ቤቱ ሰመጠ» ብለው መሠረቱን ይወቅሳሉ። ብዙ ጊዜ የሰመጠ ነገር የለም፤ እንጨቱ ነው የደረቀው።

ብረትም ይንቀሳቀሳል። ግን እንቅስቃሴው ይታወቃል። 10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3.6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል። መሐንዲሱ አስቀድሞ አስልቶ ክፍተት ሊተውለት ይችላል። የእርጥብ እንጨትን ጠባይ ግን ማንም አያሰላውም።

እንጨት አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። የደረቀ ይሁን ነው የምለው። ለግድግዳ አጽም የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ19 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ 12 እስከ 15 ከሆነ ደግሞ እሰየው። የእርጥበት መለኪያ ያለው አናጺ ብርቅ ነው። እናንተ ራሳችሁ ግን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከተከመረው መሀል አንዱን ምረጡና ከጫፉ ራቅ ብላችሁ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ። በኩሽና ሚዛን መዝኑ። 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት፤ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። 600 ግራም የነበረው 500 ከሆነ እርጥበቱ 20 በመቶ ነበር ማለት ነው። 300 ከሆነ ግን ያ ሻጭ ውኃ እየሸጠላችሁ ነው።

ምስጥና ዝገት

«ብረት ዘላለማዊ ነው፣ እንጨት ይበሰብሳል» ሲባል ትሰማላችሁ። ሁለቱም የየራሳቸው ጠላት አላቸው። የትኛው ጠላት እናንተ ቦታ እንዳለ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ምስጥ ያለበት አካባቢ ከሆነ ክርክሩ ባጭሩ ያልቃል። ምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ መንዲ አካባቢ፣ ምስጥ ማሳውንም ቤቱንም የሚፈትንበት ቦታ ነው። በብዙ ቆላማ አካባቢም ችግሩ አለ። ምስጡ ከመሬት በታች ይመጣና የጭቃ ዋሻውን በመሠረቱ ላይ ሠርቶ ይወጣል። ተገጣጣሚ ግድግዳ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ በጂብሰም ተሸፍኗል። ምስጡ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ብረት አድርጉ። እንጨት የግድ ከሆነ በግፊት መድኃኒት የገባበት መሆን አለበት። የመብራት ምሰሶዎች የሚታከሙት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

የተቃጠለ ሞተር ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ለአጥር ቋሚ ይሁን፤ ሬንጅም ይጨመርበት። መኝታ ቤት ግድግዳ ውስጥ ግን አልመክርም። ላይ ላዩን እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም፣ ይሸታል፣ እሳት ከተነሳም ያግዘዋል። ቦሮን የሚባለው ማከሚያ ለውስጥ እንጨት ጥሩ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይወጣል። መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ያለበት አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው መድኃኒት ጠንካራ ነው። የእሱን ቁርጥራጭ ግን ለማገዶ ለማንም አትስጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው። በእኛ አገር ከግንባታ ቦታ የሚተርፍ እንጨት መጨረሻው ምድጃ ስለሆነ ይሄን ለዘበኛውም ለሠራተኛውም መናገር ያስፈልጋል።

ወደ ዝገት ስንመጣ፣ ቱቦላሬና የሲ ብረት በጣም ይለያያሉ። ጥቁሩ ቱቦላሬ ያለው መከላከያ ቀለሙ ብቻ ነው። ከውጭ ይቀባል፤ ውስጡ ግን ባዶና ያልተቀባ ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ ዝናብ ይገባበትና ከታች በኩል፣ ወለሉን በሚነካበት ቦታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ሁሉም ጫፍ ይደፈን። የሲ ብረቱ ደግሞ ዚንክ አለው። ጥሩ የሚባለው በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ያለው ነው፤ ይህ የሁለቱም ፊት ድምር ሲሆን በአንድ ፊት ወደ 20 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ገበያ ላይ ግን በጣም የሳሳ ዚንክ ያለውም አለ። ለኮርኒስ ተብሎ የተሠራውን ስስ ብረት ለግድግዳ አጽም የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። በዓይን ስታዩት ሁለቱም ያብለጨልጫሉ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የብየዳ ፍቅር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። የሲ ብረት በብሎን እንዲታሰር ነው የተሠራው። ስትበይዱት ዚንኩ ይቃጠላል፣ ዝገቱም በዚያው ይጀምራል። የዚንኩ ጭስ ደግሞ በያጁን ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል። «ብሎኑ አይበቃም፣ እኔ ነካ ነካ ላድርገው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ በትሕትና እንቢ በሉ።

ውፍረቱን ማን መዘነው?

ብረት ስትገዙ ትልቁ አደጋ ውፍረት ነው። «1.5 ነው» ተብሎ 1.2 ይመጣል። ሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ማን ያያል? ሚዛን ያያል። 40 በ40 የሆነ፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ቱቦላሬ ክብደቱ ወደ 10.8 ኪሎ ይሆናል። 1.2 ከሆነ 8.8 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ነው። ከመኪና ሲወርድ ከመሀል አሥር ያህል ምረጡና አንድ ላይ መዝኑ። ከመርካቶም ግዙ ከተክለሃይማኖት፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያዩ ሻጮቹ ራሳቸው «የቱን ነው የምትፈልጉት?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሲ ብረት ውፍረቱ ዚንኩን ሳይጨምር ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

በጥንካሬ ረገድ ስስነቱ አያስደንግጣችሁ። 89 ሚሊሜትር ስፋትና 0.75 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሲ ብረት በሜትር ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ያንኑ ሥራ የሚሠራ 5 በ10 የደረቀ ባሕር ዛፍ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ ሩቅ ቦታ የምትጭኑ ከሆነ ይህ ልዩነት የጭነት ዋጋ ላይ ይታያል።

እሳት

«ብረት አይቃጠልም» እውነት ነው። ግን 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። የቤት እሳት ይህን ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ስስ ብረት ደግሞ ቶሎ ይግላል። እንጨት ይቃጠላል። ግን ወፍራም እንጨት ከውጭ ከሰል እየሆነ ውስጡን ለጊዜው ይጠብቃል። በደቂቃ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚከስለው። ችግሩ የተገጣጣሚ ቤት ቋሚ 5 ሳንቲም ብቻ መሆኑ ነው። ከሁለት በኩል እሳት ካገኘው ብዙ አይቆይም። ጥር 2007 ላይ የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ ሰው የድሮ እንጨት እንዴት እንደሚነድ አይረሳውም።

ስለዚህ እሳትን የሚመክተው አጽሙ ሳይሆን ሽፋኑ ነው። በሁለቱም በኩል 12.5 ሚሊሜትር ጂብሰም ቦርድ፣ ኩሽና ውስጥ ደግሞ ድርብ አድርጉ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተራ ነጭ ፎም ያለበት ሳንድዊች ፓነል። ከፓነሉ ጎን ኩሽና፣ ሲሊንደር ወይም የእንጀራ ምጣድ ካለ የድንጋይ ሱፍ ያለበትን ግዙ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ከእሳት ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክ። የብረት አጽም ውስጥ ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ስለታም ጠርዝ አለው። የፕላስቲክ መከላከያ ካልገባበት ሽቦውን ይልጠዋል። ያኔ ቤቱ በሙሉ ይነዝራል። አጽሙ ከመሬት ገመድ (ኤርዝ) ጋር መታሰር አለበት፤ ይህ በምርጫ የሚተው ነገር አይደለም። በእንጨት አጽም ይህ ስጋት የለም፤ የላላ የሽቦ መጋጠሚያ ሲግል ግን እንጨቱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ሙቀት፣ ብርድ፣ የዝናብ ድምፅ

ብረት ሙቀትን ከእንጨት ከ300 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። በወረቀት ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ማሞቂያ የሚያበራ ቤት እምብዛም ስለሌለ ጉዳቱ በመብራት ሂሳብ አይታይም። የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ውስጥ ምግብ ሲበስልና ሰው እየተነፈሰ ሲያድር፣ ብረቱ ባለበት መስመር ላይ ግድግዳው ያልባል። ከጊዜ በኋላ እዚያው መስመር ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ከብረቱ ውጭ በኩል ቀጭን መከላከያ ንጣፍ ካለፈ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም አፋር ከሆነ ደግሞ ስለ አጽሙ ከማሰባችሁ በፊት ስለ ጣሪያው አስቡ። ፀሐዩ የሚገባው ከላይ ነው።

የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ያለውን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የብረት አጽም ያጎላዋል። መማሪያ ክፍል ከሆነ ሰኔ ላይ አስተማሪው አይሰማም። ከቆርቆሮው ሥር ሱፍ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ ቢያንስ ጣሪያው በእንጨት ይሠራ።

መንቀጥቀጥ፣ ነፋስና ጥቁር አፈር

በታኅሣሥ 2017 ከፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ የካቲት ላይ ደግሞ 6.0 የደረሰ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ቤቱ ክብደት መጠየቅ ጀምሯል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መንቀጥቀጥ ቤቱን የሚገፋው በክብደቱ ልክ ነው። ተለስኖ ያለቀ ባለ 20 ሳንቲም የብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ250 ኪሎ በላይ ይሆናል። የቀላል አጽም ግድግዳ ከነሽፋኑ ከ50 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ብረትም ሆነ እንጨት፣ በዚህ በኩል ሁለቱም ያተርፋሉ። ግን ሰያፍ ማጠናከሪያው መኖር አለበት። ብዙ ወርክሾፖች ቋሚና አግዳሚ ብቻ ሠርተው «ጂብሰሙ ይይዘዋል» ይላሉ። አይይዘውም።

ቀላልነት የራሱ ዕዳ አለው። ነፋስ ያነሳዋል። የታችኛው አግዳሚ በየ1.2 ሜትሩ አካባቢ ከመሠረቱ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ጣሪያውም ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ እንጂ በሚስማር ብቻ አይያዝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ከሆነ አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቀላል ቤት ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም የሚል ሰው ካለ አትስሙት። እንዲያውም ቀላል ቤትን አፈሩ እንደ ልቡ ያነሳዋል። አጽሙ ምንም ይሁን ምን ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ ከወለሉና ከአጽሙ መሀልም ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይግባ።

ዋጋ

የብር ቁጥር አልጽፍም፤ እስክታነቡት ያረጃል። የምለው ስለ ዋጋው ጠባይ ነው። የሲ ብረቱ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብርን አለፈ። የብረት ዋጋም ተከተለው። ዛሬ የብረት ፕሮፎርማ የሚያገለግለው ለቀናት ነው። እንጨት የአገር ውስጥ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በመኪና ኪራይና በወቅቱ ነው፤ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ይወደዳል። እርጥብም የሚሆነው ያኔ ነው፤ ስለዚህ በጋ ላይ ገዝታችሁ፣ ከመሬት አንስታችሁ፣ በየመሀሉ ማገር እያስገባችሁ ጥላ ሥር ከምሩት። ወራት ይፈልጋል። ቶሎ ካስፈለጋችሁ እንጨት ርካሽ አይደለም፤ የሚጣለውና የሚጠመመው ሲቆጠር ዋጋው ብረት ላይ ይደርሳል።

አንድ ሌላ ወጪ አለ፤ ሐሳብ መቀየር። እኛ ቤት ስናሠራ «እዚህ ጋ መስኮት ጨምርልኝ» ማለት እንወዳለን። የእንጨት አጽም ይሄን ይችላል። አናጺው መጋዙን አንስቶ ግማሽ ቀን ውስጥ ይከፍተዋል። በማሽን የወጣ የሲ ብረት ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፤ አንዱን ስትቆርጡ ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ መሐንዲሱ ነው የሚያውቀው። የኩሽና ቁም ሳጥን፣ ቦይለር፣ ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት ቦታም ሥዕሉ ላይ ቀድሞ መግባት አለበት። ባልና ሚስት መጀመሪያ ተስማምተው ይምጡ።

ጥገናም ያው ነው። ከከተማ አራት ሰዓት በመኪና የሚርቅ ቦታ የሲ ብረት ቢጎዳ ተተኪው ከየት ይመጣል? እንጨት ከሆነ የሰፈሩ አናጺ ይጨርሰዋል።

እኔ ብሆን

ምዕራብ ወለጋ፣ ቤኒሻንጉል ወይም ጋምቤላ ላይ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ሳላቅማማ የሲ ብረት በብሎን። ተመሳሳይ ክፍል ደጋግሞ ስለሚሠራ ማሽኑ ዋጋውን ይመልሳል።

በከተማ የተከራየሁት ቦታ ላይ ካፌ ወይም ሱቅ ቢሆን፣ አሁንም ብረት፣ አሁንም በብሎን። ውሉ ሲያልቅ ፈትቼ እሄዳለሁ። በብየዳ የቆመ ቱቦላሬ ግን በግራይንደር ካልሆነ አይነቀልም፤ እሱን ተገጣጣሚ ብሎ መሸጥ ትንሽ ድፍረት ነው። ቱቦላሬን የምመርጠው ለአንድ ጊዜ ለሚቆም ነገር ነው፤ ለመኪና መጠለያ፣ ለመጋዘን፣ ለዘበኛ ቤት።

ቀድሞ በቆመ ቤት ላይ ሁለተኛ ፎቅ መጨመር ከሆነ የሲ ብረት ነው፤ ቀላል ነውና። ታችኛው ቤት መሸከሙን መሐንዲስ ካየ በኋላ፣ ፈቃዱም ከወጣ በኋላ።

ጎጃም ወይም ሸዋ ደጋ ላይ፣ የራሱ ባሕር ዛፍ ያለው፣ የማይቸኩል ሰው ከሆነ ግን እንጨት ይሥራ። ምስጡ ከቆላው የቀለለበት ቦታ ይሁን፣ እንጨቱ ከዓመት በፊት ተቆርጦ ይድረቅ፣ ወለሉ ከፍ ይበል። ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል። አንድ ቶን ብረት ሲመረት ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቀቅ ለሚያስጨንቀው ሰውም ይሄ መልስ ነው።

ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር ሎጅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሁለቱን ይቀላቅል። የተሸሸገው አጽም ብረት፣ እንግዳው የሚያየው በረንዳና ጣሪያ እንጨት። ብቻ በመዳብ መድኃኒት የታከመ እንጨት ዚንክ ካለው ብረት ጋር በቀጥታ አይነካካ። እርጥበት ሲያገኛቸው መዳቡ ዚንኩን ይበላዋል። መሀላቸው ፕላስቲክ ንጣፍ ይግባ፣ ብሎኑም የማይዝግ ይሁን።

ውሉ ላይ የሚጻፍ

ብረት ከመረጣችሁ ውፍረቱ ያለ ዚንክ፣ የዚንኩ ግራም፣ መጋጠሚያው በብሎን መሆኑ፣ የመሬት ገመዱ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይጻፍ። እንጨት ከሆነ የዛፉ ዓይነት፣ የእርጥበቱ ጣሪያ በመቶኛ፣ የታከመበት መድኃኒትና ዘዴ ይጻፍ። ከክፍያው የተወሰነው ዕቃው ቦታው ደርሶ ከተመዘነ ወይም እርጥበቱ ከተለካ በኋላ እንዲሆን አድርጉ። ይህን የሚቃወም አምራች ካለ ሌላ ፈልጉ።

በመጨረሻም ቁጥር የተጻፈበትን የመገጣጠሚያ ሥዕል አንድ ቅጂ ተቀበሉ፤ ወርክሾፑ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ትርፍ ብሎንም አንድ ካርቶን ያህል ጨምራችሁ ውሰዱ። ያ ዓይነት ብሎን ሰፈር ሱቅ አይገኝም።